«ድልድይ እያለ ከሥር ይሻገራል» እና ሌሎች ስለ ከተማ መንገድ የተሳሳቱ አመለካከቶች

የመንገድ ዲዛይን ሥራዬ ነው። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ አንድ ቅሬታ ያነሳብኛል፦ «ሕዝባችን እኮ ሥርዓት የለውም! የእግረኛ ድልድይ ተሠርቶለት ከሥር በአስፋልቱ ይሻገራል።» ሰለቸኝ። ቀለል ያሉትን ቶሎ ልበልና ወደ እሱ ልምጣ።

«ዛፍ ለውበት ነው።» ከውበቱ በፊት ጥላው ይቅደም። በመጋቢት ፀሐይ ጥላ በሌለው መንገድ ወዶ የሚሄድ የለም። ዘንባባ ያምራል፣ ጥላው ግን ትንሽ ነው።

«የሚያብረቀርቅ ንጣፍ ዘመናዊ ነው።» ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲመታው ሂዱበት። ሸካራውን ምረጡ።

«መኪና ካልቆመ ሱቅ ይከስራል።» እ.ኤ.አ. በ1962 ስትሮየት የተባለው ጎዳና ለመኪና ሲዘጋ የኮፐንሃገን ነጋዴዎችም ይህንኑ ፈርተው ነበር። ዛሬ የከተማዋ ዋና የገበያ ጎዳና ነው።

አሁን ወደ ድልድዩ። የጭነት መኪና ከሥሩ እንዲያልፍ ከአስፋልቱ ቢያንስ 5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። አንዱ ደረጃ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ 30 ደረጃ ወጥቶ 30 መውረድ ማለት ነው። የምትሄድበት ታክሲ ደግሞ ማዶ 20 ሜትር ላይ ቆሟል። ልጅ አዝላ ዘንቢል የያዘች ሴት ምን ታድርግ? በዊልቸር የሚሄደውስ? ሲመሽ መብራት የሌለው ድልድይ ላይ ብቻዋን መውጣት የማትደፍርስ?

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ከቀለበት መንገድ ማዶ የሚታያት ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ታክሲ ይዛ ዞራ ነው የምትደርሰው። እሷንም ሥርዓት የላትም እንበል?

እውነቱን እንነጋገር። እንዲህ ዓይነቱ ድልድይ የሚሠራው መኪናው ፍጥነቱን እንዳይቀንስ ነው። በአዲስ አበባ ግን ከጉዞው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹም እግረኞች ናቸው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚበር ሹፌር ሰው አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ፣ በአንዷ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ30 ቢነዳ 8 ሜትር ገደማ ነው። ልጁ የሚተርፈው በዚህች ልዩነት ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ዜብራውን ከአስፋልቱ ከፍ አድርጎ መሥራት፣ መሃል ላይ መቆሚያ ማበጀት፣ የመኪናውን መስመር ማጥበብ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የእግረኛውን መንገድ አስፍቷል፣ ደስ ይላል። ግን ዳር ለዳር መሄድ ብቻውን አይበቃም፤ ሰው ማዶም ጉዳይ አለው።

የከተማ መሐንዲሶች፣ እባካችሁ ዜብራ ከመቀባታችሁ በፊት አንድ ጠዋት እዚያው ቁሙ። አጥሩ የተጣመመበትን፣ ሣሩ ተረግጦ አፈር የሆነበትን ቦታ እዩ። ሰው የሚሻገረው እዚያ ነው። ዜብራውም እዚያ ይሁን።