ጭነቴ ልክ ነው፣ ታዲያ ለምን ተቀጣሁ?

ሐዋሳ ላይ ጭኖ ወደ ሞያሌ የሚወርድ ሾፌር ጭነቱን የሚቆጥረው በኩንታል ነው። ሚዛን ጣቢያ ላይ ግን ከጠቅላላው ክብደት ሌላ እያንዳንዱ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኘው ብረት) አስፋልቱ ላይ የሚያሳርፈው ጫናም ይታያል። ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው። ጠቅላላው ልክ ሆኖ ሳለ፣ ጆንያው ወደ ኋላ ስለተከመረ ብቻ የኋላው አክስል ከገደብ ሊያልፍ ይችላል።

ለምን በአክስል? መንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከክብደቱ እኩል አያድግም። መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት ግምታዊ ስሌት ክብደቱ ከተፈቀደው ስንት እጥፍ እንደሆነ ይወሰድና ያ ቁጥር አራት ጊዜ ተጽፎ እርስ በርሱ ይባዛል። 10 ቶን የተፈቀደለት አክስል 12 ቶን ቢሸከም፣ 1.2 × 1.2 × 1.2 × 1.2 ከ2 በላይ ነው። ጭማሪው 20 በመቶ፣ ጉዳቱ እጥፍ። (የቤት አውቶሞቢልማ ከቁጥር አይገባም።)

«ገደብ ማጣጣም» የሚባለው ደግሞ ጎረቤታም አገሮች በአንድ ልክ እንዲመዝኑ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሕግ ጥንድ ጎማ ላለው ነጠላ አክስል 10 ቶን፣ ለመሪው አክስል 8፣ ለጠቅላላው ቢበዛ 56 ቶን ፈቅዷል። ኬንያ አባል ናት፤ ኢትዮጵያ አይደለችም። ስለዚህ ሞያሌን የተሻገረ መኪና በሌላ ሕግ ይመዘናል።

ለእኔ ቁጥሩን ማመሳሰሉ ቀላሉ ሥራ ነው፤ ከባዱ መተማመኑ ነው። እዚህ የተሰጠ የሚዛን ወረቀት እዚያ ካልታመነ፣ ሾፌሩ እንደገና ይሰለፋል።