በስኬትቦርድ ውድድር ኮርስ መዘርጋት ምንድን ነው? ስላሎምና ዳውንሂል የሚለያዩበት ቦታ

አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ቆማችሁ ወደ ለገሃር ስታዩ ቸርችል ጎዳና ቁልቁል ተዘርግቶ ይታያችኋል። ቦርድ ይዞ እዚያ የቆመ ልጅ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ "እዚህ ላይ ዳውንሂል ማዘጋጀት ነበር!" የኔም መልስ ሁሌ አንድ ነው። እዚህ የሚያምረው ስላሎም ነው እላለሁ። "ሁለቱም ቁልቁለት መውረድ አይደለም እንዴ?" ይሉኛል። መውረዱስ መውረድ ነው፤ ግን ኮርሱን ማን ነው የሚሰራው የሚለው ላይ ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ።

ኮርስ መዘርጋት ማለት ተወዳዳሪው ከመነሻ እስከ መድረሻ የሚሄድበትን መስመር መወሰን ነው። ስላሎም ላይ ይሄን መስመር ሰው ይሰራዋል። ባዶ አስፋልት ላይ ትናንሽ ኮኖች (ሾጣጣ ፕላስቲኮች) ይደረድራል፤ ተወዳዳሪው በየመሀላቸው እየተጠማዘዘ ያልፋል። ዳውንሂል ላይ ደግሞ መስመሩን ድሮ መንገዱን የቀየሰው መሐንዲስ ጨርሶታል። ኩርባውም ቁልቁለቱም እዚያው አለ። ለአዘጋጁ የሚቀረው ሥራ መንገዱን ማንበብና ሰው እንዳይጎዳ ማድረግ ነው።

መጀመሪያ ስላሎሙን እንየው፣ ምክንያቱም የሰው እጅ በብዛት የሚገባው እዚያ ነው። በኮኖቹ ርቀት ይከፋፈላል። ታይት የሚባለው ላይ ከአንዱ ኮን እስከ ሌላው ያለው ርቀት ወደ 2 ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ጃይንት የሚባለው ላይ 3 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሆናል፣ ኮኖቹም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወጣ ወጣ ይላሉ። ሃይብሪድ በሁለቱ መሀል ነው። እስቲ አስቡት፣ አንድ ሰው በሰከንድ 6 ሜትር ቢሄድና ኮኖቹ በ2 ሜትር ልዩነት ቢቀመጡ በየሰከንዱ 3 ኮን ማለፍ አለበት ማለት ነው። እግሩ የሚያስብበት ጊዜ የለውም፤ በምት ነው የሚሄደው፣ ልክ እስክስታ ላይ ትከሻ ከበሮውን እንደሚከተለው።

ኮርስ የሚዘረጋው ሰው ያንን ምት ነው የሚያወጣው። ከላይ ተወዳዳሪው ገና ፍጥነት አልያዘም፣ ስለዚህ ኮኖቹ ቀረብ ይላሉ። ወደ ታች ሲወርድ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ኮኖቹም መስፋት አለባቸው። ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍ አንድ ሁለት ኮን ወደ ጎን ገፋ ይደረጋሉ፤ ተወዳዳሪው ሰፋ አድርጎ ለመታጠፍ ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያው አንድ አስፋልት ጠዋት ላይ ታይት፣ ከሰዓት ላይ ጃይንት ሊሆን ይችላል። እኔን ስላሎም የሚማርከኝ ለዚህ ነው፤ መንገዱ ሳይለወጥ ውድድሩ ይለወጣል።

የኮን ቅጣትም አለ፣ እሱም ከአዘራረጉ ጋር የተያያዘ ነው። እያንዳንዱ ኮን ዙሪያ በጠመኔ ክብ ይሰመራል። ኮኑ ተነክቶ ቢንቀሳቀስም ከክቡ ሙሉ በሙሉ ካልወጣ ወይም ካልወደቀ አይቆጠርም። ከተቆጠረ በብዛት በአንድ ኮን 0.1 ሰከንድ ይጨመራል፣ ብዛቱ ከተወሰነው ካለፈ ደግሞ ዙሩ ይሰረዛል። በ15.20 ሰከንድ ጨርሶ 3 ኮን የጣለ ልጅ 15.50 ይያዝለታል። ምንም ሳይነካ በ15.40 የገባው ያሸንፈዋል። ስለዚህ ኮርሱ በጣም ከጠበበ ውድድሩ የኮን ቆጠራ ይሆናል፣ በጣም ከሰፋ ደግሞ ቀጥ ብሎ መውረድ ብቻ ይሆናል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚወዳደርበት ከሆነ ሁለቱ መስመሮች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ይሄ በወሬ ቀላል ነው። አንዱ መስመር ላይ ትንሽ ስንጥቅ ወይም የቱቦ ክዳን ካለ አለቀ። ለዚህ ነው ተወዳዳሪዎቹ መስመር ተቀያይረው ሁለቴ የሚወርዱት።

ወደ ዳውንሂል እንምጣ። እዚህ ኮን የለም። ሙሉ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት፣ የቆዳ ልብስ፣ መዳፉ ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ ያለው ጓንት አድርገው ብዙ ጊዜ አራት አራት ሆነው አብረው ይወርዳሉ። ቀድሞ የደረሰ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ፒተር ኮኖሊ የተባለ ብሪታንያዊ ካናዳ ኩቤክ ውስጥ ቆሞ ሲወርድ በሰዓት 146.73 ኪሎ ሜትር ደርሶ ጊነስ ላይ ተመዝግቧል። እሱ ቀጥ ያለ የፍጥነት ሙከራ ነው፤ ግን ነገሩ የት ድረስ እንደሚሄድ ያሳያል።

ስኬትቦርድ ፍሬን የለውም። የሚቆመው አንድ እግርን አስፋልት ላይ በመጎተት ወይም ቦርዱን አግድም አዙሮ በማንሸራተት ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የዳውንሂል አዘጋጅ መጀመሪያ የሚያየው መድረሻውን ነው፣ እንዲያውም ከመድረሻው በኋላ ያለውን። ልጆቹ የት ይቆማሉ? ከዚያ ወደ ላይ እየወጣ ኩርባ በኩርባ ያያል፤ እዚህ ቢወድቅ ወዴት ይወረወራል? ምሰሶ አለ? ቦይ አለ? እዚያ የጭድ እስር ይደረደራል። የዜብራ ቀለም የት እንዳለ ሳይቀር ያያል፣ ምክንያቱም ቀለም ላይ ጎማ ይከዳል።

አሁን ወደ ቸርችል እንመለስ። ቁልቁለቱ አለ፣ አስፋልቱም ጥሩ ነው። ግን ወርዳችሁ ወርዳችሁ የምትደርሱት ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ነው፣ ከየአቅጣጫው ሚኒባስ የሚመጣበት። መንገዱ ቢዘጋ እንኳ መቆሚያው አጭር ነው፣ ዳርና ዳሩ ደግሞ የመብራት ምሰሶና የድንጋይ ጠርዝ ነው። በዚያ ላይ ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ፍጥነት ላይ ያለን ሰው የሚይዘው ነገር ትንሽ ይቀንሳል። ዳውንሂል ይሆናል የሚለኝ ሰው እነዚህን ነገሮች መልሶልኝ ይሂድ። ለስላሎም ግን ላይኛው 60 ወይም 70 ሜትር ይበቃል፣ ፍጥነቱን የምንወስነው እኛ ነና።

አንድ "መንገድ ለሰው" እሁድ፣ መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ለሰው በተለቀቀበት ቀን፣ ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርድ ለዘብ ያለ ቁልቁለት ላይ ሞክረነዋል። ኮን አልነበረንም። 20 ባዶ ሃይላንድ ሰብስበን ነፋስ እንዳይጥላቸው ሁለት ሁለት ጣት አሸዋ ጨመርንባቸው። ሜትሮና ጠመኔ ይዘን ሁሉንም እኩል በ2 ሜትር ደረደርናቸው። የመጀመሪያዎቹ አስር ሰላም ነበሩ። ከአስራ አንደኛው ጀምሮ ግን ማንም አላለፈም፣ ሃይላንዱ ሁሉ ግራና ቀኝ ተበታተነ። ጥፋቱ የልጆቹ መስሎኝ ሁለቴ ደገምናቸው። ሦስተኛው ላይ አጠገቤ ቆሞ ሲያይ የነበረ፣ በኩሽኔታ የተሰራች ጣውላውን ብብቱ ስር የያዘ የሰፈር ልጅ "ጋሼ፣ ታች ታችዎቹን አራርቁላቸው እንጂ፣ እየፈጠኑ እኮ ነው የሚመጡት" አለኝ።

ከአስረኛው በኋላ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ከአስራ አምስተኛው በኋላ ሦስት ሜትር አደረግነው። የድሮውን ክብ በእግራችን አጥፍተን አዲስ አሰመርን። በሚቀጥለው ዙር አንዲት ልጅ ሃያውንም ሳትነካ ወረደች። ጠመኔውን ለልጁ ሰጠሁትና ቀጣዩን ኮርስ እሱ ዘረጋው።