አንቴና ሲበዛ የሞገድ ጣልቃ ገብነት ይጠፋል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ፒያሳ፣ ባለ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ሆናችሁ ዋይፋይ ብትፈልጉ ስልካችሁ የጎረቤቱን ራውተር ሁሉ ይደረድራል። ብዙዎቹ ባለ ሦስትና ባለ አራት አንቴና ናቸው፤ ኢንተርኔቱ ግን ይንቀራፈፋል። አንዱ ምክንያት የሞገድ ጣልቃ ገብነት ነው፦ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚላኩ ሞገዶች እርስ በርስ ይረባበሻሉ፤ በስልክ ታወሮችም እንዲሁ ነው። ስለ አንቴና ብዛት የሚባለው አብዛኛው ነገር ችግሩን ያባብሰዋል።

«ኃይል ቢጨመር ይሻላል»

ፍጥነትን የሚወስነው የሲግናሉ ጉልበት ብቻውን አይደለም፤ ከጣልቃ ገቡ ሞገድ የሚበልጥበት መጠን ነው። በሁለት ታወሮች መካከል ያለ ስልክ ከራሱ ታወር −80 ዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ ነው፤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይበረታል)፣ በዚያው ፍሪኩዌንሲ ከሚሠራው ሌላ ታወር −85 ዲቢኤም ቢደርሰው ልዩነቱ 5 ዲሲቤል ነው። ሁለቱም ኃይላቸውን እጥፍ ቢያደርጉ ያው 5 ነው። በ20 ሜጋኸርዝ የፍሪኩዌንሲ ስፋት የስልኩ የራሱ ጫጫታ (ሌላ ሞገድ ባይኖርም ከውስጡ የሚነሣ የኤሌክትሪክ ረብሻ) −95 ዲቢኤም አካባቢ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ የሚጎዳው ሌላው ታወር እንጂ የሲግናል ማነስ አይደለም።

«አራት አንቴና ማለት አራት እጥፍ ፍጥነት ነው»

ስልኩ ሁለት አንቴና ብቻ ካለው በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ የመረጃ ፍሰት አይቀበልም። የተረፉት አንቴናዎች ሥራ ሌላ ነው፦ ሞገዶቹ የሚነሡበትን ፌዝ (ከፍታና ዝቅታቸው የሚውልበትን ቅጽበት) በማስተካከል አንዱ ስልክ ጋ እንዲደመሩ፣ ሌላው ጋ እንዲሰራረዙ ያደርጋሉ። ይህ አቅም የተቆጠረ ነው። አራት አንቴና ለአንድ ስልክ አንድ ፍሰት እየላከ፣ ቢበዛ ሦስት ባለ አንድ አንቴና ስልኮች ጋ ሲግናሉን ማጥፋት ይችላል፤ አራተኛ ከተጨመረ በአጠቃላይ አይበቃም።

የባሰው ደግሞ ሞገዱ ሁለት ስልኮች ጋ በተመሳሳይ መንገድ ሲደርስ ነው። ለአንዱ ሲጠፋ የሌላውም አብሮ ይዳከማል። ስለዚህ ጥሩ ስሌት ጣልቃ ገብነቱን ጨርሶ አያጠፋም፤ ጥቂቱን ታግሦ ዋናውን ሲግናል ያድናል። እንዲያ ካልሆነ ሁለቱን በተለያየ ጊዜ ማስተናገድ ይሻላል።

«አንዴ ካነጣጠረ በቃ»

ማነጣጠር የሚቻለው ሞገዱ የሚያልፍበት መንገድ ሲለካ ነው፤ ልኬቱም ያረጃል። ወደ አዘዞ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ፣ በ1.8 ጊጋኸርዝ ልኬቱ የሚያገለግለው ለ8 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ባረጀ ልኬት የተሰላ መሰረዣ አይሰርዝም።

በጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ እንደሚታየው ስልክ ሲበዛ ደግሞ ፓይለት የሚባሉት የመለኪያ ሲግናሎች ስለማይበቁ አጎራባች ታወሮች ይደግሟቸዋል። ሁለት ስልኮች አንድ ፓይለት ከላኩ ታወሩ ይደናገርና ወደ ሁለቱም ያነጣጥራል። ተመራማሪው ቶማስ ማርዜታ በ2010 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ታወሮቹ ካልተባበሩና ቀላል ስሌት ከተጠቀሙ፣ አንቴናን ያለ ልክ መጨመር እንኳ ይህን አያስወግድም። ለአጎራባች ታወሮች የተለያየ ፓይለት መመደብ ነው የሚያዋጣው።

«ቻናል መምረጥ ቀርቷል፤ አንቴናው ይለየዋል»

የቤት ራውተር ወደ ጎረቤት የሚሄደውን ሞገድ ስለማይለካ ለጎረቤት ብሎ አያጠፋም። በ2.4 ጊጋኸርዝ የቻናሉን (ራውተሩ የሚሠራበትን የፍሪኩዌንሲ ክፍል) ስፋት 20 ሜጋኸርዝ ላይ አድርጉና ከቻናል 1፣ ከ6 ወይም ከ11 ብዙ ያልተጨናነቀውን ምረጡ። ቻናል 3 ከ1ም ከ6ም ጋር ይጋጫል፤ ራውተሮች እየተደማመጡ ተራ የሚጠባበቁበት አሠራርም በአግባቡ አይሠራም። 5 ጊጋኸርዝ በወፍራም ግድግዳ ይበልጥ ይዳከማል፤ ፎቅ ላይ ይህ ጥቅም ነው፣ የጎረቤትም ብዙ አይገባም። አንቴናዎችን ግን አታጠጋጉ፦ በ2.4 ጊጋኸርዝ ቢያንስ 6 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ፤ ከተጠጋጉ ሁሉም አንድ ዓይነት ሞገድ ያያሉ፣ የመለየት አቅማቸውም ይወርዳል።