ከ«ነጭ ውሸት» እስከ «ያስነቃል»፦ ስለ ግልጽ ነገር የምንናገርባቸው ፈሊጦች፣ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ነገር ፊት ለፊት እየታየ ነው ለማለት አማርኛ የፈሊጥ ድርቅ የለበትም። ሰው የሚሳሳተው አንዱን በሌላው ቦታ ሲያስገባ ነው። ከመናገር በፊት ሁለት ነገር መለየት ይበቃል፦ ነገሩ በዓይን የሚታይ ነው ወይስ የሚታወቅ ብቻ? ነውርስ አለበት?

«ነጭ ውሸት ጉዳት የሌለው ውሸት ነው።»

በእንግሊዝኛ «ዋይት ላይ» ሰውን ላለማስቀየም የሚነገር ቀላል ውሸት ነው። የአማርኛው ነጭ ውሸት ግን ተቃራኒው ነው፤ ጠብታ እውነት ያልገባበት፣ ሰሚው ወዲያው «ይሄማ ውሸት ነው» የሚለው ዓይነት። አሜሪካ ያደገ ልጅ እናቱን ለማባበል «ነጭ ውሸት ነው እኮ የነገርኩሽ፣ እማዬ» ቢላት እሷ የምትሰማው «ዓይንሽ እያየ ዋሸሁሽ» የሚለውን ነው። ማባበያው ጥፋት ማመኛ ሆኖ ያርፋል። ልጁ ሊል የፈለገው «እንዳይከፋሽ ብዬ ነው» ወይም «ይሉኝታ ይዞኝ ነው» ነበር። በትርጉም ሥራም ይኸው ስህተት ይገባል፤ «ዋይት ላይ»ን ቃል በቃል «ነጭ ውሸት» ብሎ የመለሰ ተርጓሚ ገራገሩን ተናጋሪ ቀጣፊ አድርጎታል።

«ሳይታለም የተፈታ ማለት ሳይታሰብ የተፈጸመ ነው።»

አይደለም። «ሳይታለም»ን ከዓላማ ጋር አያይዞ «ሳይታቀድ» ብሎ የሚፈታው አለ፤ «የተፈታ»ንም እንደ ቋጠሮ የሚያየው አለ። ፈሊጡ የመጣው ግን ከሕልም ነው። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ስንል የምናውቀው መፍታት ነው፣ ዮሴፍ ለፈርዖን ያደረገው። ደንቡ መጀመሪያ ማለም፣ ከዚያ ማስፈታት ነው። እዚህ ግን ፍቺው ሕልሙን ቀድሞታል፤ ነገሩ ከመግለጡ የተነሣ ማለም እንኳ አላስፈለገም።

ስለዚህ ቦታው ውጤት ወይም መደምደሚያ ነው። «ሳያጠና ከተፈተነ መውደቁ ሳይታለም የተፈታ ነው» ትክክል ነው። «ቀይ ካፖርቷ ከሩቅ ሳይታለም የተፈታ ነው» ግን አያስኬድም፤ ካፖርት ይታያል እንጂ አይተነበይም። ለእሱ «ጎልቶ ይታያል» ወይም «ቁልጭ ብሎ ይታያል» ይበቃዋል። (ቁልጭ ሲደገም ግን ሌላ ነው፤ «ቁልጭ ቁልጭ አለ» የሚባለው ግራ ገብቶት ዓይኑን ለሚያንከራትት ሰው ነው።)

«አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው እና የአደባባይ ምስጢር አንድ ናቸው።»

ይቀራረባሉ፣ አንድ ግን አይደሉም። የአደባባይ ምስጢር ሁሉም የሚያውቀው፣ ሆኖም ደፍሮ የሚያወራው የሌለ ወይም ባለቤቱ የማያምነው ነገር ነው። አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ግን ከመታወቅም አልፎ የሚወራ ነው፤ መደበቂያው ጊዜ አልፎበታል። የጎረቤትን ጠብ ሠፈሩ ሁሉ እያወቀ ቡና ላይ ማንም ካላነሣው የአደባባይ ምስጢር ነው፤ ቡናው የሚጠጣው እሱን እያወሩ ከሆነ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው።

የሰዋስው ነገርም አለበት። በ«አገር ያወቀው» ባለቤቱ አገር ነው፣ አገሩ ነገሩን አወቀ። «ፀሐይ የሞቀው» ላይ ብዙዎች ፀሐይን በዚያው መልክ ባለቤት ያደርጓታል። «ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ሞቀ» እንደምንለው ግን የሚሞቀው ነገሩ ራሱ ነው፤ ከጓዳ ወጥቶ ደጅ ላይ ተሰጥቷል። ሁለቱ ሐረጎች ቤት ስለሚመቱ ብቻ አሠራራቸውም አንድ ይመስላል። በነገራችን ላይ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ «ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው» ማለት ስህተት አይደለም።

አሁን አሁን በጽሑፍ የሚታየው «በክፍሉ ውስጥ ያለው ዝሆን» ከእንግሊዝኛ በቀጥታ የተገለበጠ ነው። እንግሊዝኛውን የማያውቅ አንባቢ ዝሆኑን ፍለጋ ይሄዳል። የአደባባይ ምስጢር ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ያለ ዝሆን።

«ዓይን ያወጣ ማለት በጣም የሚታይ ማለት ነው፤ ለውበትም ይሆናል።»

«ዓይን ያወጣ ቆንጆ» ብሎ ያሞገሰ ሰው ሙገሳው ስድብ መስሎ ይቀርበታል። ዓይን ያወጣ ከነውር ጋር ብቻ ይሄዳል፦ ዓይን ያወጣ ሌብነት፣ ዓይን ያወጣ ቅጥፈት። ዓይን ያወጣ ድርጊቱን፣ ዓይን አውጣ ደግሞ ሰውየውን ይገልጻል። «ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ»ም የእነዚሁ ዘመድ ነው፤ አጥፍቶ ሳያፍር ለሚቀርብ ሰው ይባላል። ለቆንጆ «ዓይን የሚስብ» አለ።

ያፈጠጠ ያገጠጠ ግን ሰፋ ይላል። ማፍጠጥ የዓይን ነው፣ ማግጠጥ የጥርስ፤ ነገሩ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ጥርሱን አግጥጦ ፊትህ ቆሟል። ለሐሰትም ለእውነትም ያገለግላል፦ «ያፈጠጠ ያገጠጠ ውሸት»፣ «ያፈጠጠ ያገጠጠ እውነት»። በእውነት ላይ ሲሆን «አላየሁም ማለት አትችልም» የሚል ጫና አለበት፤ በዚህ የተነሣ ለደስታ ዜና አይመችም።

«ግመል ሰርቆ አጎንብሶ የሚባለው ለትልቅ ሌባ ነው።»

የስርቆቱ ትልቅነት አይደለም ጉዳዩ፣ የመደበቂያው ከንቱነት ነው። የግመል ጀርባ 2 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ሌባው ቢያጎነብስ የሚያጥረው እሱ እንጂ ግመሉ አይደለም። ስለዚህ ገንዘብ ያልነካ ሰው ላይም ይሠራል፤ ከሥራ ቀርቶ ሠርግ ላይ ሲጨፍር የተነሣውን ፎቶ ራሱ ለጥፎ፣ «አሞኝ ነው» ለሚል ሠራተኛ ልክ ነው። ሰርቆ እና አጎንብሶ ሁለቱም ማሰሪያ አንቀጽ የሚጠብቁ ግሶች ናቸው፤ ማሰሪያው ተትቶ ለሰሚው ቀርቷል። «አይሆንም» ብሎ መጨረስ ተረቱን ያደበዝዘዋል።

«ነቄ እና ያስነቃል አንድ ናቸው።»

የአራዳው ቋንቋ እዚህ ላይ ከመደበኛው ይልቅ ጥንቁቅ ነው። ሥሩ «ነቃ» ነው፣ ሚናው ግን በቅርጹ ይለያል። ነቄ ያየው ሰው ነው፤ «ነቄ ነኝ» ማለት ገብቶኛል፣ አትሸውደኝም ነው። ያስነቃል የሚባለው ነገሩ ነው፦ «ሁለታችን አብረን ከወጣን ያስነቃል።» «አታስነቃ!» ደግሞ ዓይኑን ወደ ተደበቀው ነገር እየወረወረ ለሚያጋልጥ ጓደኛ በሹክሹክታ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ነው። ተነቅቶብሃል ከተባለ አልፏል፣ ታውቆብሃል፤ «ባነኑብህ»ም ያው ነው። ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ተንኮላቸውን ከተያዩ «ተነቃቅተናል» ይባባላሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ እየሳቁ። እነዚህ ለእኩያ ናቸው፤ ለአለቃ ወይም ለአባት «ተነቅቶብዎታል» ማለት አንቱታው ቢኖርም ድፍረት ነው። እዚያ «ታውቋል» ማለት ይሻላል።