«ገመዴ አልደረሰም»፦ «ፋዘም» የሚለው የመርከበኞች ቃል ከየት መጣ?

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ እማማ አንድ ደብዳቤ ይዘው መጡ። አሜሪካ ተወልዳ ያደገች የልጅ ልጃቸው በእንግሊዝኛ ጽፋ የላከችው ነው፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ለመጻፉ እጇ አልተፍታታም። በረንዳ ላይ ተቀምጠን እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። መሀል ላይ «አይ ካንት ፋዘም» ብላ የጀመረችው ዓረፍተ ነገር ጋ ስደርስ «ዘጠኝ ልጅ ብቻሽን እንዴት እንዳሳደግሽ ሊገባኝ አልቻለም» ብዬ ላልፍ ነበር።

እማማ አላሳለፉኝም። «ምኑ ነው የማይገባት? ወለድኩ፣ አሳደግኩ። ሌላ ምን አለው?»

እውነታቸውን ነው። በአማርኛ «ሊገባኝ አልቻለም» ሲባል ወይ ነገሩ ተምታቷል፣ ወይ ተናጋሪው ቅር ብሎታል። ልጅቷ ያለችው ግን ሌላ ነው። እኔም የዚያን ቀን ቃሉን ባላውቀው ኖሮ ይሻል ነበር እስክል ድረስ አጥሬ ቀረሁ፤ ምክንያቱም «ፋዘም» አንዲት ቃል ትምሰል እንጂ ጀርባዋ ላይ ገመድ፣ እርሳስ፣ ሞራና የሁለት ክንድ እቅፍ ተሸክማለች።

ዛሬ ቃሉ ሁለት ሥራ አለው። ስም ሲሆን የባሕር ጥልቀት መለኪያ ነው፤ አንድ ፋዘም 6 ጫማ፣ በሜትር 1.83 ገደማ። ግስ ሲሆን ደግሞ አንድን ነገር እስከ ሥሩ ወርዶ መረዳት ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማውም ከአሉታ ጋር ነው፦ «ፋዘም ላደርገው አልቻልኩም»።

ከሁለቱም በፊት ግን እቅፍ ነበር። ከሺህ ዓመት በፊት በነበረው የጥንት እንግሊዝኛ «ፈዝም» ማለት ግራና ቀኝ የተዘረጉ ሁለት ክንዶች ማለት ነው። በክንዶቹ መሀል ያለው ደረትና ጉያም በዚያው ስም ይጠራ ነበር። ቤዎልፍ በተባለው ጥንታዊ ግጥም ውስጥ አዳራሽ የሚበላ ነበልባል «የእሳት ፈዝም» ተብሏል፤ የእሳት እቅፍ እንደማለት። የቃሉ ዘመዶችም ይህንን አልረሱም። ስዊድኖች እስከ ዛሬ እቅፍን «ፋምን» ይሉታል፣ አይስላንዶች «ፋዝሙር»። ጀርመኖች ዘንድ ደርሶ «ፋደን» ሲሆን ትርጉሙ ወደ ክር ዞሯል። የጥንት ግሪኮች መለኪያቸውን «ኦርጉያ» ያሉት እጅ መዘርጋት ከሚለው ግሳቸው ሲሆን፣ ፈረንሳዮች ደግሞ ክንድ ከሚለው ቃል «ብራስ» ብለዋል። ሁሉም በየፊናው ያው አንድ ነገር ላይ ነው የደረሰው፦ እጅህን ዘርጋ፣ ያ ነው ልኩ።

በእንግሊዝኛ ሲወራ የሚሰማ አንድ ተረት አለ፤ የእንግሊዝ ፓርላማ ፋዘምን «ሰው የሚወዳትን ሲያቅፍ ክንዱ የሚዘረጋው ያህል» ብሎ በሕግ ደነገገ ይባላል። ደስ ይላል፤ እኔ ግን አላምነውም። እቅፉ እውነት ነው፣ ሕጉን ግን የሚያሳየኝ አላገኘሁም።

ለምን በክንድ ርዝመት? መርካቶ ገመድ የገዛ ሰው ይህን ለማስረዳት አይቸገርም። ሻጩ የገመዱን ጫፍ በግራ እጁ ይይዛል፣ ቀኙን እስኪበቃው ይዘረጋል፣ በደረቱ ላይ ወጥሮ «አንድ» ይላል፤ ከዚያ ያንኑ ይደግማል። (ገዢው ክንደ ረጅሙን ሻጭ መርጦ ነው የሚሄደው፤ ይህም የታወቀ ነው።) መርከበኛም ከባሕር ገመድ ሲስብ ያው ነው የሚያደርገው። ሜትር አይዝም፣ እንጨት አይዝም፤ አንድ ስበት አንድ ዝርግ ክንድ ነው። ስንዝራችንና ክንዳችን ከሰውነታችን እንደወጡ ሁሉ ፋዘምም ከሚሠራው ሰው ትከሻ ነው የወጣው።

አሁን ወደ ድሮው መርከብ እንሂድ። መርከብ ወደ የብስ ሲጠጋ ከታች ያለውን ዓለት ወይም አሸዋ አያይም። ስለዚህ አንድ መርከበኛ ከጎኑ በወጣች ጠባብ መቆሚያ ላይ ደረቱን በማሰሪያ ደግፎ ይቆማል። በእጁ ከ3 እስከ 6 ኪሎ የሚመዝን የእርሳስ ብረት የታሰረበት 25 ፋዘም ገደማ ገመድ አለ። እርሳሱን እያወዛወዘ ወደ ፊት አርቆ ይወረውረዋል፤ መርከቡ እየተራመደ እርሳሱ ወደ ወደቀበት ሲደርስ ገመዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ያን ጊዜ ያነባል። ጣና ላይ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ገመድ እንኳ ሥራ ፈት ነበር፤ የጣና ጥልቁ ስፍራ 14 ሜትር ገደማ፣ ማለትም 8 ፋዘም ያህል ነው።

ንባቡ በዓይን ብቻ አይደለም፤ ሌሊትም ይሠራልና። በገመዱ 2ኛ ፋዘም ላይ ሁለት ዘርፍ ያለው ቆዳ ይታሰራል፣ 3ኛው ላይ ሦስት ዘርፍ ያለው። 5ኛው ላይ ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ 7ኛው ላይ ቀይ የሱፍ ጨርቅ፣ 10ኛው ላይ ቀዳዳ ያለው ቆዳ፣ 13ኛው ላይ ወፈር ያለ ሰማያዊ ጨርቅ። 15 እንደገና ነጭ፣ 17 እንደገና ቀይ፣ 20 ላይ ሁለት ቋጠሮ ያለበት ሲባጎ። ጥጥና ሱፍ ለጣት አንድ አይደሉም፤ ጣት በብርድ ከደነዘዘም ከንፈር አለ። ምልክት ያላቸው ዘጠኝ ሲሆኑ የቀሩት አሥራ አንዱ ባዶ ናቸው፤ በግምት ይጠራሉ። ስድስት ከባዶዎቹ አንዱ ነው። «ዲፕ ሲክስ» («ጥልቅ ስድስት») የሚለው አባባል፣ አንድን ነገር ዳግም እንዳይገኝ አድርጎ መጣል ማለት፣ ከዚሁ ጥሪ ነው የሚያያዘው።

እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ የእርሳሱ ሥር ነው። ጎድጎድ ያለ ነው፤ በጉድጓዱ ውስጥ ሞራ ይለጠፍበታል። እርሳሱ ወለሉን ሲመታ ሞራው አሸዋውን፣ ዛጎሉን ወይም ጭቃውን ይዞ ይመጣል። ነጂው ሞራውን አይቶ፣ አሽትቶ፣ አንዳንዴም ቀምሶ የት እንዳለ ያውቃል፤ ሞራው ንጹሕ ሆኖ ከመጣ ከታች ያለው ዓለት ነውና መልሕቅ አይይዝም። እኛ አገር ሞራ ገላጭ ከበግ ሞራ መጪውን ዘመን ያነባል፤ የባሕሩ ሞራ ገላጭ የሚያነበው ከእግሩ በታች ያለውን ነው፣ ያም ቢሳሳት መርከቡን ይዞ ይሰምጣል።

ዘዴው ከእንግሊዞች በፊት የነበረ ነው። ከሜዲትራኒያን ባሕር ሥር ከወጡ ጥንታዊ የእርሳስ መለኪያዎች ውስጥ እንዲሁ ሥራቸው የጎደጎደ አሉ። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሔሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ሲጽፍ፣ ከግብፅ ዳርቻ ገና የአንድ ቀን የባሕር ጉዞ ሲቀርህ ገመድ ብትጥል ጭቃ ታወጣለህ፣ ጥልቀቱም 11 ኦርጉያ ነው ይላል። ጭቃውን ዓባይ ነው ያመጣው፤ ደለሉ ደግሞ በአመዛኙ የእኛው ደጋ አፈር ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን፤ ከግንዱ ሌላ የጎጃምና የወሎ ማሳም ይዞ ዞሮ የግሪክ መርከበኛ እጅ ላይ ገብቷል።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን ያነበበም ይህን ገመድ ያውቀዋል። ጳውሎስን የያዘው መርከብ በማዕበል ሲንገላታ በ14ኛው ሌሊት መርከበኞቹ የብስ የቀረበ መሰላቸው። ገመድ ጣሉ፣ 20 አገኙ። ጥቂት ሄደው ደግመው ጣሉ፣ 15 ሆነ። ድንጋይ ላይ እንዳይወድቁ ፈርተው ከኋላ አራት መልሕቅ ጥለው እስኪነጋ ጠበቁ። የግሪክኛው መለኪያ ያው ኦርጉያ ነው። ከሁለቱ ቁጥሮች ይልቅ ልዩነታቸው ነው ያስፈራቸው።

ከዚሁ ገመድ አንድ ዓለም ያወቀው የደራሲ ስም ወጥቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሳሙኤል ክሌመንስ የተባለ ወጣት በ1859 በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የእንፋሎት ጀልባ የመንዳት ፈቃድ አገኘ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የወንዙን ሥራ ሲያቆመው ወደ ምዕራብ ተሰዶ ጋዜጠኛ ሆነና በ1863 ጽሑፉ ሥር «ማርክ ትዌይን» ብሎ ፈረመ። ይህ የገመድ ጣዩ ጩኸት ነው፦ «ምልክቱ ሁለት»፣ ሁለት ፋዘም፣ 12 ጫማ፣ ለጀልባዋ የሚበቃ ውኃ። ጩኸቱ ግን ሁልጊዜ ምሥራች አይደለም። ከጥልቁ ለመጣ «ተጠንቀቅ» ነው፣ ከአሸዋው ለወጣ «ተመስገን» ነው።

እንግሊዝኛ ውስጥ «እርሳስ ማወዛወዝ» የሚል አባባልም አለ፤ ሥራ ላይ መለገም ማለት ነው። ገመድ ጣዩ ዝም ብሎ እያወዛወዘ ይለግም ነበር ብለው የሚያስረዱ አሉ። ቀዝቃዛ ውኃ ክንዱ ላይ እየወረደ ስድስት ኪሎ ሲወረውር የሚውል ሰው ለገመ ማለት ለእኔ አይዋጥም። አባባሉም የተስፋፋው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእግረኛ ወታደሮች አፍ ነው፤ እነሱ ደግሞ እርሳሱን ይዘውት አያውቁም።

እቅፍ እንዴት መረዳት ሆነ? ግሱ መጀመሪያ «አቀፈ» ነበር። ገመዱ ቃሉን ሲወስደው «ጥልቀት ለካ» ሆነ። በሼክስፒር ኦቴሎ ውስጥ ስለ አንድ ሰው ሲወራ «የእሱ ፋዘም ያለው ሌላ የላቸውም» ይባላል፤ ስፋቱን፣ ችሎታውን ማለት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ቃሉ የሐሳብን ጥልቀት ወደ መመርመር ተሻገረ። እኛም ከመለካት ተነስተን ሌላ ቦታ ደርሰናል፦ «ለካ» ካለው «ልክ» ወጣ፣ «ልክ ነህ» እውነት ብለሃል ሆነ፣ «ልክ አስገባው» ደግሞ ቀጣው። እነሱ ከመለኪያው ማስተዋልን አወጡ፣ እኛ እውነትንና ዱላን።

የአባባሉ ቁልፍ ያለው ግን ገመዱ ሲያልቅ ነው። እርሳሱ ምንም ሳይነካ ገመዱ ካለቀ መርከበኛው «ወለል የለም» ብሎ ይጮኻል። የመርከቡ መዝገብ ላይ ሲጻፍ ግን የገመዱ ልክ አብሮ ይገባል፤ ለጥልቅ ባሕር የሚጣለው ረጅሙ ገመድ ከሆነ፦ «በ120 ፋዘም ገመድ ወለል አልተገኘም»። የድሮ የባሕር ካርታዎችም ይህን ለማሳየት ቁጥሩን ጽፈው ከላዩ ሰረዝና ነጥብ ያደርጉበታል። ባሕሩ ወለል አልባ ነው ያለ የለም፤ የተመዘገበው የገመዱ ማጠር ነው። ስለዚህ «አይ ካንት ፋዘም» የሚል ሰው፣ ቃሉን እንደ ጥንቱ ከያዘው፣ ነገሩን እየነቀፈ አይደለም፤ የራሱን ገመድ እየለካ ነው። ዛሬ ዛሬ ግን «እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ» ለማለት የሚወረወር ወቀሳ ሆኗል፤ በኔ ግምት ቃሉ ከባሕር ከወጣ ወዲህ ያጣው ትልቁ ነገር ይህ ትሕትና ነው።

ገመድ ደግሞ ይረዝማል። ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ የምርምር መርከብ ከ1872 እስከ 1876 ውቅያኖሶችን ስትዞር፣ መጋቢት 23 ቀን 1875 በማሪያና ደሴቶች አቅራቢያ ገመዷን ጥላ 4,475 ፋዘም ለካች፤ 8,184 ሜትር ነው። ኋላ በድምፅ ሞገድ ሲለካ እዚያው አካባቢ ወደ 11 ሺህ ሜትር የሚጠጋ ስፍራ ተገኘና በመርከቧ ስም ተሰየመ።

ይህን ሁሉ ለእማማ አልነገርኳቸውም። ትርጉሙን ብቻ አስተካከልኩት፦ «ልትልዎት የፈለገችው፣ ዘጠኝ ልጅ ብቻዎን ያሳደጉበትን ለማወቅ ገመዴን ብጥል ወለሉን አይነካልኝም ነው።»

እማማ ዝም ብለው ቆዩ። ገጠር ሳሉ ውኃ ከጉድጓድ እየቀዱ ነው ያደጉት፤ በሚያዝያ ውኃው ሲሸሽ ባልዲው ተንጠልጥሎ እንደሚቀር ያውቃሉ።

«ገመድ ካጠረማ ይቀጠላል» አሉ። «ትምጣና ትጠይቀኝ። ይህንኑ በእንግሊዝኛ ጻፍልኝ።»

ወረቀት አወጣሁ። «ትምጣ» የሚለው ወዲያው ተጻፈ። «ይቀጠላል» ላይ ግን ብዕሬን እንደያዝኩ ቡናው ሦስተኛ ደረሰ።