ማርሚታው ይቆይ፦ አሮጌ ስፖርት መኪና ስለማሻሻል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ቶዮታ ሴሊካ ገዛ። እ.ኤ.አ. የ1992 ምርት፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር። መብራቷ ሲበራ ከኮፈኑ ላይ ብቅ ይላል፣ ሲጠፋ ተመልሶ ይከደናል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ማታ ስትወጣ የሰፈር ልጆች «ዓይኗን ገለጠች!» እያሉ ይከተሏታል። አንደኛው ዓይኗ ግን ዘግየት ብሎ ነው የሚነቃው።

በሳምንቱ ወረቀት ይዞ እቤት ከች አለ። «ጋሼ፣ እስኪ ይቺን እያት።» አየኋት። ማርሚታ (የጭስ ማውጫው)። 17 ኢንች ቸርኬ። ሞላ ማስቆረጥ (መኪናዋ ዝቅ እንድትል)። ስፖርት ፊልትሮ (የአየር ማጣሪያ)። ስፖይለር። ከሁሉም በታች በደቃቅ ጽሑፍ «ፍሬን፦ ብር ከተረፈ» ይላል።

አልፈርድበትም። ጋራዥ በር ላይ ቆማችሁ ብታዳምጡ የምትሰሙት ይህንኑ ነው። አሮጌ መኪና ላይ የሙጥኝ ያለውም እሱ ብቻ አይደለም። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪናን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ያለው ያለውን እየጠገነ ይነዳል። የልጁ ብር ደግሞ ያችው ከደመወዝ የምትተርፈው ናት። ስለዚህ ወረቀቷን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አንድ በአንድ ተነጋገርንባት።

«መጀመሪያ ጉልበት ጨምርላት»

የስህተቶች ሁሉ አባት ይሄ ነው። ሴሊካዋ ከፋብሪካ ስትወጣ 100 ፈረስ ጉልበት አለፍ የሚል ነበራት። ያ ቁጥር የተሰላው ግን በባሕር ጠለል አየር ነው። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ስስ ነው። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። እኛ ሰፈር ስትደርስ ሩቡ ያህል ፈረስ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ስለሆነች እዚያ ጥቂቱ ይመለስላታል። «ባሕር ዳር ስገባ መኪናዬ ይፈጥናል» የሚል ሹፌር ካጋጠማችሁ አትሳቁበት፣ እውነቱን ነው።

ማርሚታና ስፖርት ፊልትሮ ምን ይጨምሩላታል? በዚህች ሞተር ላይ ጥቂት ፈረስ፣ እሱም ከተሳካላት። ማርሚታውን ቆርጦ ባዶ ቱቦ ማድረግማ ድምፅ ብቻ ነው። ክፍት ፊልትሮ ደግሞ ኮፈን ሥር ያለውን የጋለ አየር ይስባል፣ የጋለ አየር ይብሱኑ ስስ ነው። የፋብሪካው ሳጥን የተሠራው ከውጭ ቀዝቃዛ አየር እንዲስብ ታስቦ ነው። ሳጥኑን አትንኩት፣ ውስጡ ያለውን ፊልትሮ ቀይሩ።

ጉልበት ካማራችሁ የጠፋውን ፈልጉ። ያረጀ ካንዴላ፣ የተሰነጠቀ የካንዴላ ገመድ፣ ንፋሱ የጎደለ ጎማ፣ ይዞ የማይለቅ ፍሬን። የሴሊካዋ የኋላ ግራ ጎማ በጃክ ተነስቶ በእጅ ሲሽከረከር ግማሽ ዙር ሳይሞላ ቆመ። ልጁ ማርሚታ ሊገዛ ያሰበው እንግዲህ ይቺን ይዞ ነው።

«ፍሬኗ ይይዛል እኮ፣ ምን ጎደላት?»

ከተማ ውስጥ ይይዛል። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ግን ደጀን አለ፣ ከደጀን በታች ደግሞ ዓባይ። ከደጀን ጎሃ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ድልድዩ መሃሉ ላይ። ድልድዩ ዘንድ እስክትደርሱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ።

እስቲ እናስላው። ሴሊካዋ ሁለት ሰውና ሻንጣ ስትጭን 1,250 ኪሎ ገደማ ትሆናለች። ያን ክብደት በፍሬን ብቻ ይዞ 1,000 ሜትር ማውረድ የሚፈጥረው ሙቀት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ከቀዝቃዛ አንስቶ ያፈላል። ነፋሱና ጎማው ድርሻቸውን ቢወስዱም ትልቁን እሳት የሚቀበሉት የፊት ፍሬኖች ናቸው።

የሚያስቸግረው የፍሬኑ ሸራ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዘይቱ ዶት በሚባል ደረጃ ይለያል፤ አዲስ ዶት 3 የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ነው። ውሃ ሲገባበት ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ያኔ ፔዳሉን ስትረግጡ እግራችሁ ወለል ድረስ ይሰምጣል፣ መኪናዋ ግን መንገዷን ትቀጥላለች።

እኔ አንዴ ቀምሼዋለሁ፣ ከዓመታት በፊት በሌላ መኪና። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ቀንድ እሳት ውስጥ የወደቀ የሚመስል። ከፊታችን ያለው ከባድ መኪና ነው ብዬ ተጽናናሁ። ቀጥሎ ፔዳሉ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ለስለስ አለ። ሁለቴ ሦስቴ ቶሎ ቶሎ ብረግጠው ትንሽ ያዘ፣ ከዚያ እምቢ አለ። ማርሹን ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳብኩ ጎኑን በገደሉ ግድግዳ አሳክኬ ቆምኩ። እጄ መሪው ላይ ይንቀጠቀጣል። ከኋላ ተኝታ የነበረችው እናቴ ነቃችና «ምሳ ልንበላ ነው?» አለችኝ። ዘይቱን በኋላ ሲያወጡት ጥቁር ቡና ይመስል ነበር። መቼ እንደተቀየረ አላስታውስም፣ ምክንያቱም አስቀይሬው አላውቅም።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር። መጨመር አይደለም፣ በአራቱም ጎማ በኩል ንጹሑ እስኪወጣ አሮጌውን ማስወጣት ነው። ዶት 3 የሚል መኪና ዶት 4 ይቀበላል። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፤ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ይበልጣል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ቀጥሎ ደህና ሸራ። ቀጥሎ ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱት የላስቲክ ቱቦዎች፣ ሠላሳ ዓመት የሞላቸው ከሆኑ በተለይ። የሴሊካዋን የኋላ ግራ ጎማ አንቆ የያዘውም ውስጡ ያበጠ ቱቦ ነበር። ትልቅ ዲስክ የሚባለው ነገር ይህ ሁሉ ተደርጎ አልበቃ ካለ ይታያል።

«ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ ቤንዚን ይቆጥባል»

ይቺን የማያምን ሹፌር አላውቅም። በካርቡሬተር ዘመን ትንሽ እውነት ነበራት። ሴሊካዋ ግን ኢንጀክሽን ናት። ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ እግራችሁን ከቤንዚን ስታነሱ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ይዘጋል፣ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ዜሮ ስታደርጉት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መጠጣት ይጀምራል። ማለትም ዜሮ ማርሽ ይበላል፣ ፍሬንም ያቃጥላል። የወጣችሁበትን ማርሽ ይዛችሁ ውረዱ የሚባለው የድሮ የከባድ መኪና ሹፌሮች ምክር ዛሬም ሳንቲም አያስወጣም።

«ጥርሱ ካለ ጎማው ደህና ነው»

ልጁ በጎማዎቹ ይኮራ ነበር። ተንበርክከን ስልክ አበራንና ጎኑን አነበብን። DOT ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ካሉት ፊደላትና ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች 3411 ይላሉ። እ.ኤ.አ. 2011፣ 34ኛው ሳምንት። «እንዴ ጋሼ፣ ጥርሱ እኮ ሙሉ ነው!» ጥርሱ ሙሉ የሆነው መኪናዋ ቆማ ስለኖረች ነው። ላስቲክ ቆሞም ይደርቃል። በጥፍር ስትጫኑት እንደ ጠረጴዛ እምቢ ካለ፣ ጥርሱ ሥር ስንጥቅጥቅ ካያችሁ፣ ክረምት ላይ የደምበጫን አስፋልት በዚያ ጎማ አትሞክሩት። ስድስት ዓመት ካለፈው በየጊዜው ይመርመር። አሥር ከሞላው ምንም ቢያምር ይውጣ። ያገለገለ ጎማ ስትገዙ በውስጥ በኩል ያለውንም ጎን አንብቡ፣ አንዳንዴ ሙሉው ቁጥር ያለው እዚያ ብቻ ነው።

ብሩ ለሁለት ጎማ ብቻ ከደረሰስ? እዚህ ላይ ከልጁም ከጎሚስታውም ጋር ተጨቃጨቅን። ሴሊካዋ የምትጎተተው በፊት ጎማ ስለሆነ አዲሱ ከፊት ይግባ አሉ። እኔ ከኋላ አልኩ። የፊቱ ሲንሸራተት መኪናዋ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ እግራችሁን ስታነሱ ትመለሳለች። የኋላው ዝናብ ላይ ሲከዳ ግን ትዞራለች፣ እሷን የሚመልስ ሹፌር ጥቂት ነው። ጎሚስታው አልተዋጠለትም። ሆኖም እንዳልኩት ገጠመው።

17 ቸርኬውን በተመለከተ፣ ያምራል፣ አልክድም። ግን ይከብዳል፣ ለከበደ ጎማ ደግሞ መነሳትም መቆምም ይከብዳል። ስስ ጎማ ጉድጓድ ሲያገኝ የሚጎብጠው ቸርኬው ነው። የቸርኬው ብር በፋብሪካው ቸርኬ ላይ አራት ደህና ጎማ ይገዛል።

«ሞላ ስታስቆርጥ መሬት ትይዛለች»

መሬት ትነካለች ቢባል ይሻላል። የተቆረጠ ሞላ የሚጨመቅበት ቦታ ያጥርና ሾክ አብዞርበሩ መጨረሻው ላይ ይመታል፣ ከዚያ የሚዘለው ጎማው ነው። የሚዘል ጎማ ደግሞ ምኑንም አይዝም። ደግሞ ከማርቆስ ፍኖተ ሰላም ስትሄዱ ከተማ መግቢያው ላይ ያለውን ጉብታ ሁሉ ቁጠሩት፤ ሆዷ እያንዳንዱን ይስማል።

የሠላሳ ዓመት መኪናን መሪ የሚያንሸራትተው ብዙ ጊዜ ጎሚኒ፣ ማለትም በብረቶቹ መገጣጠሚያ ያለው ላስቲክ ነው። ጎሚኒውን፣ የመሪውን መገጣጠሚያዎችና ሾኩን ቀይራችሁ የጎማዎቹን አቅጣጫ (አላይመንት) ስታስተካክሉ መኪናዋ ሌላ ትሆናለች። ማንም ግን ፎቶ አያነሳላችሁም።

«ከሞቀች ቴርሞስታቱን አውጣው»

አገር ያወቀው መፍትሔ ነው፣ ስህተትም ነው። ቴርሞስታት፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋው ዕቃ፣ ከሌለ ሞተሩ ጠዋት በማርቆስ ብርድ ቶሎ አይሞቅም። ኮምፒውተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፣ ሞተሩም ቶሎ ያረጃል። በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲወጣ የማለፊያው ቀዳዳ ክፍት ስለሚቀር ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ይመለሳል። ሊያቀዘቅዝ የወጣው ያሞቃል።

እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ሽሮ ስትሠሩ ታውቁታላችሁ። ሞተር ደግሞ በደህና ቀኑ እዚያው አካባቢ ይሠራል። ከመፍላት የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን መፍያውን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ምንም አይዝም። ስለዚህ ከድልድዩ ወደ ደጀን ስትወጡ፣ ከተሳቢ ኋላ በአንደኛ ማርሽ ስታዘግሙ፣ በዚያ በረሃ ሙቀት ውስጥ፣ የምትጨነቁለት ዕቃ ያ ትንሽ ክዳን ነው። እሱን ቀይሩ። የቧንቧ ውሃውን አስወጥታችሁ ዝገት የሚከላከል ኩላንት አስገቡ። ራዲያተሩን አስጠርጉ። አዲስ ቴርሞስታት አስገጥሙ። አራቱም ተደምረው የስፖይለሩን ዋጋ አልሞሉም።

«ከአዲስ ኮፒ ያገለገለ ኦርጅናል ይሻላል»

ለብረት አዎ። ለካምቢዮ፣ ለበር፣ ለመብራት ቤት እኔም ያገለገለ ኦርጅናል ነው የምመርጠው። ለላስቲክና ለሸራ ግን አይሆንም። ያገለገለ የታይሚንግ ቺንጋ (ባልቦላዎቹን ከፒስተኖቹ ጋር አስማምቶ የሚያሠራ ቀበቶ) አትግዙ። ሻጩ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ቢምልላችሁም። ያቺ 1.6 ሞተር ቺንጋዋ ቢበጠስ ባልቦላ አትመታም፣ መንገድ ላይ ታቆማችኋለች እንጂ። ብዙ ሌሎች ሞተሮች ግን ባልቦላቸውን ያጣምማሉ፣ ከዚያ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ይወርዳል፣ ከዚያ የዓመት ቁጠባ ይሄዳል። ሲገዙት መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ ቺንጋ እንዳልተቀየረ ይቆጠራል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ወረቀቷ ተገልብጣ ነበር። ፍሬን ዘይት፣ የፍሬን ቱቦና ሸራ ለዚህ ወር። ክዳን፣ ኩላንት፣ ቴርሞስታትና ቺንጋ ለሚቀጥለው። ከዚያ ሁለት ጎማ፣ ከዚያ ሁለቱ። ጎሚኒና ሾክ ከፋሲካ በኋላ። ስፖይለሩን ራሱ ሰረዘው። ማርሚታውን ግን እምቢ አለ፣ ከሥር በደቃቅ ጽሑፍ አሰፈረው። የማትነቃውን ዓይን አስታወስኩት። «እሷ ትቆይ ጋሼ» አለ፣ «ልጆቹ ይወዷታል።»