«የሚበሰብስ» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን በአቃቂ ቃሊቲ ለጠላ፣ ለጠጅና ለጭማቂ ቤት ባለቤቶች በተሰጠ ሥልጠና ላይ አንድ አሠልጣኝ፣ ከማር፣ ከጌሾና ከፍራፍሬ የሚወጣ እጣቢ «የሚበሰብስ» ስለሆነ ወደ ቦይ ቢለቀቅ ወንዝ እንደማይጎዳ ሲያስረዱ ሰማሁ። የውኃ ጥራት በሚለካበት ላቦራቶሪ የምሠራ ሰው ነኝና፣ ይህን አባባል ስሰማውም የመጀመሪያዬ ስላልሆነ፣ በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

«የሚበሰብስ» ማለት ረቂቅ ተሕዋስያን ሊበሉት የሚችሉት ማለት ብቻ ነው፤ ይጎዳል ወይም አይጎዳም የሚለውን ቃሉ አይነግረንም። ውኃ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ የሚመጣው ከመበስበሱ ነው፤ የሚበሉት ተሕዋስያን ይተነፍሳሉ፣ የሚተነፍሱትም በውኃው ውስጥ የሟሟውን ጥቂት ኦክስጅን ነውና።

ሰርግ ያለበትን አንድ ቤት እናስብ። ምግቡ ተትረፍርፏል፤ የሚጠጣው ግን በአንድ ጋን ያለው ብቻ ነው። ሽታው የጠራው እንግዳ ሁሉ እየመጣ ይበላል፤ የበላም ይጠጣል፤ የቤቱ ልጆች፣ ማለትም ዓሣውና ሌላው የወንዝ ነዋሪ፣ ተርታው ሲደርሳቸው ጋኑ ባዶ ነው። ጋኑ ከላይ በጠብታ ይሞላል፤ ይህም ውኃው ከአየር የሚስበው ኦክስጅን ነው። በድንጋይ ላይ እየተንደረደረ የሚወርድ ውኃ ጠብታው ይፈጥንለታል፤ በበጋ የሳሳና የተኛ ውኃ ግን ይዘገይበታል። ጋኑ ሲነጥፍ መጠጥ የማይሹ ሌሎች እንግዶች ይተካሉ፤ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩት እነዚህ ናቸው የተበላሸ እንቁላል ሽታ የሚያመጡት።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በባሕር ወለል ከፍታ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ አንድ ሊትር ውኃ 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን 7 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በውጭ መጻሕፍት የተጻፈውን ልክ እንዳለ ወስዶ እዚህ መሥራት ያሳስታል። አንድ ኪሎ ስኳር ሙሉ በሙሉ ለመበስበስ አንድ ኪሎ ገደማ ኦክስጅን ይፈጃል፤ አንድ ኪሎ አልኮል ደግሞ ሁለት ኪሎ ገደማ። በአንድ ሊትር ጠጅ ውስጥ 80 ግራም አልኮል አለ ብንል፣ ያ አንድ ሊትር ከ20 ሺህ ሊትር በላይ የወንዝ ውኃ የያዘውን ኦክስጅን ሊጨርስ ይችላል ማለት ነው።

በአንድ ጠጅ ቤት ጓሮ በሚያልፍ ቦይ ውስጥ ድንጋዩ ሁሉ የተነደፈ ጥጥ በሚመስል ግራጫ ነገር ተሸፍኖ አየሁ። ከውኃው ጋር ይወዛወዛል፤ ሲነኩት እንደ ራሰ ተልባ ያዳልጣል። የቤቱ ባለቤት የሳሙና ዝቃጭ መስሏቸው ነበር። በእጣቢው ስኳርና አልኮል የሚፋፋ የባክቴሪያ መንጋ ነው።

«ወንዝ ራሱን ያጸዳል» የሚል መልስ ይሰጠኛል። እውነት ነው፤ የሚፈጀው ከሚተካው እስካልበለጠ ድረስ። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ እስኪገናኙ ድረስ ግን በየመንደሩ የሚቀበሉት እጣቢ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም፤ በውኃቸውም ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ሰዎች አሉ።

ይህ የኦክስጅን ፍላጎት በላቦራቶሪ የሚለካው ናሙናውን በጨለማ፣ በ20 ዲግሪ፣ ለ5 ቀናት በማቆየት ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ናሙናው በረኪና ካለበት ተሕዋስያኑ ይሞታሉ፣ ቁጥሩም ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ ያንን ውጤት ይዞ «እጣቢያችን ንጹሕ ነው» ማለት ስሕተት ነው። «የሚበሰብስ» ተብሎ የሚሸጠው ከበቆሎ ስታርች የሚሠራ ኩባያ ደግሞ ተቃራኒው ችግር አለበት፤ ለመበስበስ በአብዛኛው ወደ 60 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ስለሚፈልግ ቦይ ውስጥ እንደ ማንኛውም ፕላስቲክ ይከርማል።

ወንዝ የሚጎዳው አምቡላ፣ ማለትም የጠጁ ዝቃጭ፣ አፈር ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ይሆናል። አፈር በቀዳዳዎቹ አየር ስለሚያስገባ በላተኞቹ የሚተነፍሱት አያጡም፣ የተረፈውም ማዳበሪያ ይሆናል። ስለዚህ ለአነስተኛ መጠጥ ቤት ዋናው ሥራ ያለው ከማጠቡ በፊት ነው፤ ጋኑ ውኃ ሳይገባበት ይጠረግ፣ አተላው ለከብት አርቢ ይሰጥ፣ አምቡላውና የፍራፍሬው ልጣጭ ወደ ማዳበሪያ ጉድጓድ ይግባ፣ ከሁሉም ይበልጥ የወፈረው የመጀመሪያው እጣቢም በጥቂት ውኃ ተለቅልቆ አብሮ ይጨመር። ጉድጓዱ ከውኃ ጉድጓድ የራቀ ይሁን፤ እጣቢውም በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይፍሰስ፤ አፈሩ ከጠገበና ከታፈነ የወንዙ ዕጣ ይደርሰዋል። በረኪና የነካው እጣቢ ግን እዚያ አይግባ፤ ጉድጓዱ ውስጥ የሚሠሩልንን በላተኞች ይገድላቸዋል።